ስልክ እያየ የሚከፈት በር

ዶርሳፍ ቁራጭ ወረቀቷን ከላብላቢው፣ ከትኩሱ የሽንብራ ሾርባ፣ ሳህን ስር አሾልካ ገፋችለት።

«አጭር ሊንክ ናት። አሁኑኑ ክፈታት።»

ላምጀድ ሳብ አደረጋት። በሚስጥር ቡድናቸው የቱኒስ አገናኟ እሱ ነው፤ የሚስጥር ስሙ «መቅዘፊያ»፣ የእሷ «ጨው»። ራዑፍ የሚባል ሰው ቢሮ ሠራተኛ መስላ ለስለላ ከገባች ጀምሮ ያመነችው እሱን ብቻ ነበር።

ቢሮው ማስታወቂያ ይሠራል ይባላል እንጂ ሥራው ሰው ማደን ነው። ዛሬ ለስፋክስ ወደብ አድማ መሪዎች የአውቶቡስ ትኬት መቁረጫ ተብሎ አንድ አጭር ሊንክ ይላካል። ሊንኩ የነካውን ስልክ ዓይነት ይለያል። አይፎን ከሆነ ወደ ንጹሑ መተግበሪያ፣ ኮምፒውተር ከሆነ ወደ ደህና ድረ ገጽ ይመራዋል። አንድሮይድ ከሆነ ግን የሚያወርድለት ሰላይ መተግበሪያ ነው። የወደብ ሠራተኞቹ ደግሞ የያዙት አንድሮይድ ነው። አንዴ ካወረዱት ስማቸውና መሸሸጊያቸው ራዑፍ እጅ ይገባል፤ ከዚያ በኋላ እስር ነው።

ዶርሳፍ የላምጀድንም ሊንክ በዚሁ ዘዴ ነበር የሠራችው። የራዑፍን ሥራ የሚያጋልጠው ማስረጃ የሚከፈተው ላምጀድ በሚይዘው አንድሮይድ ብቻ ነው። ራዑፍ ለሰዎቹ ሁሉ አይፎን ስለሚያድል፣ ወረቀቷ እጃቸው ብትገባ የሚያዩት ተራ የማውረጃ ገጽ ነው።

ላምጀድ ፊቱን አኮሳተረ።

«ምንድነው ይሄ? የታክሲ መተግበሪያ አውርድ ነው እኮ የሚለኝ።»

ስልኩን አየችው።

አዲስ አይፎን።

ይሄ ውሻ ሸጧታል።

«ከየት አመጣኸው?»

«ተሰጠኝ።» አላፈረም። «ተቀመጪ ጨው። ሰዎቹ በር ላይ ናቸው። ብዪ እንጂ፣ ይቀዘቅዝብሻል።»

«አንተ ብላው።»

ትኩሱን ላብላቢ ፊቱ ላይ ደፋችበት። በወጥ ቤቱ ወጥታ፣ የዓሣ ተራውን ግርግር ሰንጥቃ ትራም ላይ ዘለለች።

የቢሮውን ሲስተም በስልኳ ልትከፍት ሞከረች። የመግቢያ ስሟ ተዘግቷል። የቀረው የጀሊላ ስም ነው። ጀሊላ አጠገቧ የምትቀመጥ፣ ምሳዋን የምታካፍላት፣ «ሲቸግርሽ በእኔ ግቢ» ብላ የይለፍ ቃሏን የሰጠቻት ሴት ናት። ዶርሳፍ ራሷን ጠላችው።

ገባች።

የአይፎኑን መንገድ አልነካችም። ከአንድሮይዱ መንገድ ሰላዩን አውጥታ አጭር ገጽ ተካችበት፦ «ራዑፍ ደርሶባችኋል። ዛሬ ቤታችሁ አትደሩ። በዚህ ስልክ አታውሩ።»

አሁን ሁሉም በራዑፍ ትዕቢት ላይ ተንጠለጠለ። ሊንክ ከመላኩ በፊት ሁልጊዜ ይሞክራል፤ ግን በገዛ አይፎኑ ብቻ። አንድሮይድ መንካት ያዋርደኛል ባይ ነው።

ሊንኩን የከፈቱትን በሚቆጥረው ሰንጠረዥ ላይ አንድ ጎብኚ ታየ።

አይፎን።

ራዑፍ እየሞከረ ነው። ቀጥሎ አንድሮይድ፣ አንድሮይድ፣ አንድሮይድ። የአድማ መሪዎቹ እያነበቡ ነው።

እፎይ ሳትል ስልኳ ጮኸ።

«ዶርሳፍዬ፣ በእኔ ስም የገባሽው አንቺ ነሽ?» ጀሊላ ናት። «በሩን ቆልፈውብኛል። አንቺ መሆንሽን ንገሪልኝ፣ እህቴ። ይህችን ብቻ።»

«እኔ ነኝ። እሷ የምታውቀው ነገር የለም» አለች ዶርሳፍ።

የመለሰላት ራዑፍ ነበር።

«እሱንማ አውቃለሁ። ነይና ውሰጂያታ።»

ብትሄድ የሌሎቹን የቡድን ጓደኞቿን ስም ከአፏ ያወጡታል። ስልኩን ዘጋች፤ ሲም ካርዱን ሰበረች። እንባዋን መቆጣጠር አልቻለችም።

አጠገቧ የተቀመጡት አሮጊት ዞር አሉ።

«ምነው ልጄ፣ ዘመድሽ ናት?»

«አይ እናቴ» አለች ከመቀመጫዋ እየተነሳች። «አላውቃትም።»

የትራሙ በር ተከፈተ። ወርዳ ከሰዉ ጋር ተቀላቀለች።