ከእንግዶች በር ፊት ለፊት

የደጋፊዎቹ አውቶቡስ ገና ከከተማ ሳይወጣ ከበሮው ተጀመረ። አስጨፋሪው በወንበሮቹ መሀል ቆሞ እየመታ ዘፈን ያወጣል፤ ጓደኞቹ ይቀበሉታል። መስታወት ቆራጩ ግን ከኋላ ወንበር ግንባሩን መስኮቱ ላይ አስደግፎ መንገዱን ያያል። ጓደኞቹ «ዝምተኛው» ይሉታል። ዝም የሚለው የሚናገረው አጥቶ አይደለም፤ ሁሉንም በሆዱ ተናግሮ ስለሚጨርሰው ነው።

«ዝምተኛው! ዛሬ እንኳን ተንፍስ እንጂ!» አለው አስጨፋሪው። «እነሱን አውርደን ነው የምንመለሰው!»

ፈገግ አለለት። ግንባሩን ግን መልሶ መስኮቱ ላይ አስደገፈ።

የዓመቱ የመጨረሻ ጨዋታ ነው። የእነሱ ቡድን ቢያሸንፍም ቢሸነፍም ምንም የሚቀየርለት ነገር የለም። የሚሄዱበት ከተማ ቡድን ግን አቻ እንኳን ካልወጣ ከሊጉ ይወርዳል። ከወረደ ከርሞ ከእነሱ ጋር አይጫወትም። ካልተጫወተ ይህ አውቶቡስ ወደዚያ አይሄድም። አውቶቡሱ ካልሄደ ደግሞ እሱ እሷን አያያትም።

ይህንኑ ሲያሰላስል ሳምንቱን ሙሉ እጁ አልታዘዝ ብሎት ነበር። አንድ ትልቅ መስታወት ሲሰብር አለቃው፣ «ለመሆኑ እዚህ ነህ?» ብሎታል። እዚያ አልነበረም።

ያገኛት በባንዲራ ሰበብ ነው። ካቻምና፣ ልክ እንደዛሬው ከአውቶቡስ ሲወርዱ፣ ትልቁ ቢጫ ባንዲራቸው በሩ ይዞት ተተረተረ። ከስታዲየሙ የእንግዶች በር ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ፣ አንዲት ጠባብ ልብስ ስፌት ቤት አለች። ጓደኞቹ ለመግባት ተራ ይዘው ስለነበር ጨርቁን ታቅፎ የሮጠው እሱ ሆነ።

የስፌት መኪናው ላይ የተቀመጠችው ልጅ የባለሜዳዎቹን ሰማያዊ ማልያ ለብሳለች። ጨርቁን አየች፤ እሱን አየች።

«የጠላት ባንዲራ ስፊ ነው የምትለኝ?»

«እ... እንግዳ ነን እኮ።»

«እንግዳ ከበሮ እየደለቀ ነው የሚመጣው?»

ጥግ ላይ ቁልፍ የሚተክሉት አባቷ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ሳቁ። «ስፊለት ልጄ። ኋላ ሲሸነፉ በባንዲራው ያሳብባሉ።»

ሰፋችለት። ቢጫው ጨርቅ ላይ ሰማያዊ ክር።

«ቢጫ ክር አልቆብናል» አለች ቀና ሳትል።

ከጀርባዋ መደርደሪያው ላይ ያልተነካ ቢጫ ክር ተቀምጧል። አየው። እንዳየውም አየች። ሁለቱም በሆዳቸው ሳቁ።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ሁሉ ለእሱ ወደዚያች በር የሚወስድ መንገድ ሆነ። አምና ሲመጣ አውቶቡስ ውስጥ የራሱን የሸሚዝ ቁልፍ በጥርሱ በጥሶ ነው የገባው። ቁልፉን ስትተክልለት እጇ ደረቱ ላይ ነበርና ልቡ ሲመታ እንዳትሰማው ትንፋሹን ያዘ። አንድ ጊዜ ደግሞ ከሱቃቸው ፌስታል ላይ ያገኘውን ስልክ ደወለ። አባቷ አነሱት። ምላሱ ተሳሰረና፣ «ሱሪ ታሳጥራላችሁ?» አለ። «እናሳጥራለን» አሉት። «እሺ፣ አመሰግናለሁ» ብሎ ዘጋው።

ዘንድሮ ግን ሱቁ ሲገባ ምንም የተቀደደ ነገር አልያዘም። አባቷ አስቀድመው ስታዲየም ገብተዋል። እሷ ብቻዋን ስፌት መኪናው ላይ ተቀምጣ ነበር፤ አትሰፋም።

«ዛሬስ ምን ተበጠሰ?»

«ምንም።»

«ታዲያ?»

«ሰላም ልልሽ ነው።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ሰበብ ማውራቱ ነበር። እሷም ገብቷት መቀሱን አንስታ መልሳ አስቀመጠችው።

«ዛሬ ካሸነፋችሁን ወረድን።»

«አውቃለሁ።»

«ከወረድን ከርሞ አትመጡም።»

«አውቃለሁ።»

«ወይ አዋቂ!» አለች። ፈገግታዋ ግን አልቆየም። «እሺ፣ ዛሬ ለማን ነው የምትጮኸው?»

አፉን ከፈተ። ከመንገዱ ማዶ አስጨፋሪው፣ «ዝምተኛው! በሩ ሊዘጋ ነው!» እያለ ይጣራል። እሷ መልሱን ትጠብቃለች። የሆዱን በሆዱ እንደያዘ ወጥቶ ሄደ።

ጨዋታው ያለ ጎል ተጎተተ። ከልጅነቱ ጀምሮ የሚወደው ቢጫ ማልያ ወደ ፊት በሄደ ቁጥር ልቡ፣ «ተመለስ፣ ተመለስ» ይል ነበር። ራሱን ታዘበ። ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል የማዕዘን ምት ተሻገረ፤ ከቢጫዎቹ አንዱ ዘሎ በግንባሩ ገጨው፤ መረቡ ተንቀጠቀጠ።

በዙሪያው ያለው ሁሉ እላዩ ላይ ወደቀ። አቀፉት፣ ነቀነቁት። እሱ እንደ ግንድ ቆሟል።

«ጎሉን አላየኸውም እንዴ?» አስጨፋሪው ፊቱን አፍጥጦ አየው። «ያመሃል?»

«አይቼዋለሁ» አለ። ዓይኑ ከሜዳው ወዲያ ካለው ሰማያዊ ሕዝብ ላይ ነበር። እንደዚያ ያለ ፀጥታ ሰምቶ አያውቅም።

ሲወጡ ፖሊሶች አውቶቡስ ውስጥ አስገቧቸውና ሕዝቡ እስኪበተን ማንም እንዳይወርድ አሉ። እሱ ማልያውን አወለቀ። ገልብጦ ለበሰው። ከበሮው ቆመ።

«ማልያ ገለበጥክ?» አለ አስጨፋሪው፣ እንደተሰደበ ሰው። «ባሸነፍንበት ቀን?»

እሱ በኋላኛው በር ሾልኮ ወረደ።

አባትየው ከሱቁ በር አጠገብ ተቀምጠዋል። ካንገቱ እስከ ወገቡ ድረስ የወጣውን የማልያውን ስፌት አዩ።

«ምነው ገለበጥከው?»

«አባባ፣ እኔ... እኔ አልተደሰትኩም።»

«ያንተ ቡድን አገባ አይደል?»

«አዎ።»

«እኔ እኮ ይህ ቡድን ሲወድቅም ሲነሳም ይህን ሰማያዊ ለብሼ ነው የኖርኩት። ሲመቸው የሚለብስ፣ ሳይመቸው የሚገለብጥ ሰው አልወድም። አስተካክለህ ልበስና ከጓደኞችህ ጋር ተደሰት። ሂድ ልጄ።»

አልጮሁበትም፤ ቢጮሁበት ይሻለው ነበር። አንገቱን ደፍቶ መንገዱን ሊሻገር ሲል ከኋላው ኮቴ ሰማ። ልጅቷ ናት፤ ዓይኗ ቀልቷል።

«ከርሞ አንመጣም» አላት።

«እናንተ አትመጡም። አንተስ?»

«እኔ? አውቶቡሱ እኮ...»

«ሌላው ሰው ሁሉ እዚህ ከተማ የሚመጣው ኳስ ሊያይ ነው እንዴ?» አለችው። አባቷ ጠሯት። ሮጣ ተመለሰች።

አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ ጓደኞቹ ይጨፍራሉ። እሱ ከኋላ ወንበሩ ላይ አፉን ከፍቶ ቀርቷል። ያ ከተማ ለእሱ ሁሌም የጨዋታ ቀን ነበር፤ በሌላ ቀን በቦታው ያለ አይመስለውም ነበር። ያለ ከበሮ፣ ያለ ቢጫ ልብስ፣ ብቻውን ቲኬት ቆርጦ መሄድ እንደሚቻል አንድም ቀን ትዝ ብሎት አያውቅም። እንዲህ የሚሳሳት ደጋፊ ብቻ ነው።

የሊጉ እረፍት ገባ። ናፍቆቱ ግን እረፍት አልነበረውም። መስታወት በወለወለ ቁጥር ከራሱ ፊት ጀርባ ቀላ ያሉ ዓይኖቿ ይመጡበታል። አንድ ጠዋት መናኸሪያ ድረስ ሄዶ ተመለሰ። የአባትየው ቃል ነበር የመለሰው፤ «ሲመቸው የሚለብስ።» ሌላ ጊዜ ደግሞ ቲኬቱን ይዞ ሳለ አውቶቡሱ ጥሎት ሲሄድ ቆሞ አየው።

በሦስተኛው ተሳፈረ። ማንም አይዘፍንም። አጠገቡ የተቀመጡት እናት ጭነታቸውን ታቅፈው አንቀላፍተዋል። መንገዱ እንደዚህ ረጅም እንደሆነ አያውቅም ነበር። ከወረደ በኋላም መንገዱ ጠፋው፤ ሁልጊዜ ሰው ተከትሎ ነው የሚሄደው። ሰው እየጠየቀ ስታዲየሙን አገኘ። በሮቹ ተዘግተዋል፤ ከአጥሩ ጥላ ሥር አንድ ውሻ ተኝቷል። ማዶ ግን የስፌት መኪና ድምፅ ይሰማል።

በሩ ላይ ቆመ። አባትየው መነጽራቸውን ዝቅ አደረጉ። ተራ ሸሚዙን፣ አቧራ የለበሰ ጫማውን፣ ባዶ እጁን አዩ።

«ዛሬ ጨዋታ የለም።»

«አውቃለሁ አባባ።»

«ምን የሚሰፋ ይዘሃል?»

«ምንም አልያዝኩም።»

«ታዲያ ምን አመጣህ?»

መኪናው ቆመ። እሷ ጨርቁን እንደያዘች ቀና አላለችም፤ ጆሮዎቿ ግን ቀሉ። ሰበብ ቢፈልግ አያጣም ነበር።

«ልጅዎን ላያት ነው የመጣሁት» አለ። ድምፁ ከጠበቀው በላይ ከፍ ብሎ ወጣ።

አባትየው ክሩን በጥርሳቸው በጠሱ፤ ቁልፉን ሳብ ሳብ አድርገው ሞከሩት። ከዚያ ቀና ሳይሉ፣

«በር ላይ አትቁም፤ ብርሃኑን ጋረድክብን» አሉ። «ግባ።»

ገባ። የመኪናው ድምፅ ግን ለረጅም ጊዜ አልተመለሰም።