ባሌን ከሱሉልታ የምትጠራው ሴት

ይህ ከሰው የሰማሁት አይደለም፤ በራሴ ላይ የደረሰ ነው። ማመን ያቃተው ሰው ቢኖር አልቀየመውም። እኔም ሌላ ሰው ቢነግረኝ አላምንም ነበር።

ታኅሣሥ 2008፣ ቡራዩ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት።

ጨለማ አልነበረም። ፀሐዩ ሳሎኔ ድረስ ገብቶ ነበር።

የማስተር ፕላኑ ተቃውሞ የበረታበት ሰሞን ነው። የአምቦ መንገድ በድንጋይ ተዘግቷል። ሚኒባስ የለም፣ ሥራ የለም፣ ኔትወርክ መጣ ሲሉት ይጠፋል። ከሩቅ ጩኸት ይሰማል... ከዚያ ተኩስ... ከዚያ ጸጥታ።

ባሌ ገብረየስ ከሞተ ወራት አልፈዋል። ከሱሉልታ ድንጋይ የሚያመላልስ የገልባጭ መኪና ሾፌር ነበር። የጎጃም መንገድ ቁልቁለት ላይ ተገልብጦ ሞተ። ስለዚያ ቀን ከዚህ በላይ አልጽፍም።

የመገናኛ ሬድዮ ትቶልኝ ሄዷል። ሁለት ነበሩት፤ አንዱ መኪናው ውስጥ ነበር፤ ሌላው ሳሎናችን ውስጥ በመኪና ባትሪ ይሠራል። ሾፌሮቹ በአንድ መስመር ይነጋገራሉ። የሚናገረው የማይኩን ቁልፍ ይጫናል፣ ሌላው ይሰማል። ተጭኖ አልለቅም ያለ ሰው መስመሩን ለሁሉም ይዘጋል።

ገብረየስ ከመናገሩ በፊት ማይኩን በጋብቻ ቀለበቱ ሁለቴ ይመታው ነበር።

ጠቅ... ጠቅ...

"ማሪቱ፣ እየመጣሁ ነው።"

ሌላ አይጨምርም። ዝምተኛ ሰው ነው ብዬ ተቀብዬው ኖሬአለሁ።

ቀለበቱ አሁን አንገቴ ላይ፣ በጥቁር ክር ታስሮ ይኖራል።

በዚያ ቀን ሬድዮውን የከፈትኩት ስለ መንገዱ የሚያወራ ሾፌር ባገኝ ብዬ ነው። መጀመሪያ ሽሽ የሚል ድምፅ ብቻ ነበር።

ከዚያ... የሴት ድምፅ።

"ገብርዬ... ደረስክ?"

እኔ ገብርዬ ብዬው አላውቅም። ሌላ ሰው ነው አልኩ። ገብርዬ የሚባል ሾፌር ሞልቷል።

ጠቅ... ጠቅ...

"ደርሻለሁ ጠጅቱ። ጉሙ ከብዷል።"

የባሌ ድምፅ ነበር።

በመስኮት አየሁ። ሰማዩ ላይ አንድም ደመና የለም።

መደንገጥ ነበረብኝ። እኔን ግን የቀደመኝ ቅናት ነው።

ማይኩን አነሳሁ። "ገብረየስ... እኔ ነኝ። ማሪቱ።"

ቁልፉን ለቅቄ ጠበቅሁ።

"ማናት?" አለች ሴትዮዋ።

"እኔ የሰማሁት የለም" አላት።

ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከሬድዮው ፊት እቀመጥ ጀመር። ሬድዮው ባይኖር ባሌን አልሰማውም። እያለ ደግሞ የምሰማው ከሌላ ሴት ጋር ሲያወራ ነው። ምሳ በልታ እንደሆነ ይጠይቃታል። በልጅነቱ ወንዝ ሊወስደው እንደነበር አጫወታት፤ ይህን እኔ አላውቅም ነበር። አንድ ቀን አሳቃት። እሱም ሳቀ። ያን ሳቅ ቤቴ ውስጥ ሰምቼው አላውቅም።

አንድ ከሰዓት በኋላ ሱሩር መጣ። መንገድ ዳር ሬድዮና ቴሌቪዥን የሚጠግን ነው፤ ይህንንም ለገብረየስ ያስተካከለው እሱ ነበር። በሩን ከኋላው ዘጋና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"እትዬ ማሪቱ፣ ያን ሬድዮ እስካሁን ለቀበሌ አላስረከብሽም?"

የገብረየስ ፈቃድ መሳቢያ ውስጥ እንዳለ ነገርኩት። ራሱን ነቀነቀ።

"ፈቃዱ ከፋብሪካ እንደወጣ ላለ ሬድዮ ነው። እኔ ከውስጡ ሽቦ ቆርጫለሁ፣ ጉልበትም ጨምሬበታለሁ። የተነካካ ሬድዮ ፈቃድ የለውም።"

"ባልናገርበትስ? ብሰማ ብቻ?"

"ተናገርሽ አልተናገርሽ ማን ይጠይቅሻል? ከተፈቀደው አልፎ መናገር መቻሉ ይበቃል።" ወደ መስኮቱ አየ። "ቤት ለቤት እየፈተሹ ነው። በዚህ ሰሞን ሬድዮ ያለው ሰው ምን እንደሚባል ታውቂያለሽ። አንቺም እኔም አንተርፍም።"

"ጉልበቱን ለምን አስጨመረ?"

የሬድዮውን ገመድ ማስተካከል ጀመረ።

"ሱሩር።"

"እንጦጦን ተሻግሮ ሱሉልታ እንዲደርስለት" አለ ጫማውን እያየ።

እስከ ቅዳሜ ታገሠኝ አልኩት። ሲወጣ ጣሪያውን ቀና ብሎ አየና ቆመ።

"አንቴናው የት ሄደ?"

ጎረቤቴ ኦቦ ኩምሳ ኅዳር ላይ አውርደውት ነበር። "ወታደር ያይብሻል፣ ኢንተላ ኮ" ብለው፣ በኦሮምኛ ልጄ እያሉኝ፣ እንደ አባት አዝነውልኝ።

"እንግዲያ ከሱሉልታ ምንም አይገባም" አለ ሱሩር። "ጥሩ ነው።"

በሩን ዘጋሁ።

ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ሆነ።

"ገብርዬ" አለች ሴትዮዋ። "ሙት ዓመትህ ሲደርስ ጥቁሬን ላውልቅ?"

ለገብረየስ ጥቁር የለበስኩ ሚስቱ እኔ ነኝ።

ጠቅ... ጠቅ...

"አታውልቂው" አላት።

ማይኩን አንስቼ ቁልፉን ተጫንኩ። አንድም ቃል አልተናገርኩም። ያዝኩት ብቻ። እኔ እስካልለቀቅሁ ድረስ እሷ አትጠራውም፣ እሱም አይመልስላትም።

አውራ ጣቴ ደነዘዘ። ፀሐዩ ከሳሎኑ ወጣ። አለቀቅሁም።

ሱሩር መጥቶ ጣቶቼን አንድ በአንድ አላቀቀ። ባትሪውን ነቀለ። እኔ፣ እሱና ኦቦ ኩምሳ አብረን ሄደን ሬድዮውን ለቀበሌው አስረከብን። በዚያው ያበቃል ብዬ ነበር።

ጥር ላይ ማስተር ፕላኑ ቀረ ተባለ። መንገድ ሲከፈት በሚኒባስ ሱሉልታ ሄድኩ። ጠጅቱን ማግኘት ከባድ አልነበረም። ሾፌሮች የሚያርፉበት ሻይ ቤት አላት።

ጥቁር ለብሳለች። ቆንጆ ብትሆን ይሻለኝ ነበር። እኔን ትመስላለች።

ማንነቴን ሳልነግራት ሻይ አዘዝኩ። ከብርጭቆዎቹ መሃል ሬድዮ ተቀምጧል። ከውስጡ አንድ ድምፅ ይወጣል... ቀስ ያለ... የማያቋርጥ...

"ይቅርታ እህቴ" አለችኝ። "አንዲት ሴት ከታኅሣሥ ጀምሮ ቁልፉን ተጭና አለቅም ብላለች። ትንፋሿ ብቻ ነው የሚሰማው።"

"ለምን አትዘጊውም?"

"የለቀቀችው ቀን የሚያናግረኝ ሰው አለ።"

አዳመጥኩ። ወደ ውስጥ... ወደ ውጭ...

ትንፋሼን ያዝኩ።

ሬድዮው ዝም አለ።

ተነፈስኩ።

ሬድዮውም ተነፈሰ።

ጠጅቱ የያዘችውን ብርጭቆ አስቀመጠች። ዞራ አየችኝ፤ ፊቴን፣ ጥቁር ልብሴን፣ ከዚያ ጠረጴዛው ስር የተደበቀውን ቀኝ እጄን።

"ልቀቂው" አለች በሹክሹክታ። "እባክሽ... እህቴ።"

እጄን አየሁት። አውራ ጣቴ ባዶው አየር ላይ ተጭኖ ጥፍሩ ነጭ ሆኗል።

አንገቴ ላይ ያለው ቀለበት ደረቴን መታው።

ጠቅ... ጠቅ...

አውራ ጣቴ ይበልጥ ተጫነ።