ጥቁሩ ቅርፊት

የዶን ኒካኖርን አስከሬን አራት ሰዎች ከላቫው ላይ ተሸክመው አወረዱት። የሟቹ ቀኝ እግር እስከ ጉልበት ከስሏል። ከመንደሩ በላይ ያለው እሳተ ገሞራ የተፋው የቀለጠ ድንጋይ፣ ላቫው፣ መፍሰስ ካቆመ አሥራ አንድ ቀኑ ነበር። ላዩ ጠቁሯል፤ ሦስት ቀን ሙሉም ዘንቦበታል። ከላቫው ማዶ የሟቹ ሚስት መቃብር አለ።

መርማሪ ኤውፍራሲያ ቱሃል ስትደርስ መንደሩ ገዳይ መርጦ ጨርሷል። የሟቹ ወንድም ዶን ቶሪቢዮ እጃቸው ታስሮ ደጃፍ ላይ ተቀምጠዋል። ወንድማማቾቹ በቡና ማሳ ድንበር ተጣልተው ሰባት ዓመት አልተነጋገሩም።

«ወንድምዎን ገፍተዋቸዋል?» አለቻቸው መርማሪዋ።

«ሰባት ዓመት ሙሉ ገፍቼው ንቅንቅ አላለም፣ እመቤቴ። ድንበሩን ሄደው ይዩት።»

ኤውፍራሲያ የሟቹን የጥድ ምርኩዝ አገላበጠች። የተራራው መንገድ መሪዎች ላቫ ከመርገጣቸው በፊት ምርኩዛቸውን ስንጥቅ ውስጥ ይከታሉ፤ ከጨሰ ይመለሳሉ። የዚህኛው ጫፍ ግን አዲስ እንደተቀረጸ ነው። በተረፈው ጫማ ሶል ላይ ደግሞ ኖራ ተጣብቋል።

የሟቹ ልጅ ሄርሜሊንዳም እንደ አባቷ መንገድ መሪ ናት። ክንዷን በጨርቅ ጠቅልላለች።

«ምን ነካሽ?»

«የቂጣ ምጣድ።»

«እስቲ ፍቺው።»

ከእጅ አንጓዋ እስከ ክርኗ ዙሪያውን ተልጧል።

«አባትሽን አጎትሽ ናቸው የገደሏቸው?»

«ሰው ሁሉ እንደዚያ ይላል።»

«እኔ የጠየቅኩት አንቺን ነው።»

ሄርሜሊንዳ ጨርቁን መልሳ ጠቀለለች።

ከሰዓት በኋላ ኤውፍራሲያ ሁሉንም ላቫው ዳር ሰበሰበቻቸው። ምርኩዙን ስንጥቅ ውስጥ ከታ ስታወጣው ጫፉ ይነድ ነበር።

«ቀዝቅዞ ነበር እኮ» አለ አንዱ። «በእጃችን ዳስሰነዋል።»

«የዳሰሳችሁት ቆዳውን ነው። ላቫ ከምድር ሆድ ሲወጣ ከሺህ ዲግሪ በላይ ይሞቃል። አየርና ዝናብ ላዩን ያበርዱታል እንጂ ውስጡ አይደርሱም። ድንጋይ ሙቀት ቶሎ አያሳልፍም፤ የጠቆረው ቅርፊት ለውስጡ ብርድ ልብስ ነው። ይህን የሚያህል ውፍረት ለመብረድ ወራት ይፈጅበታል። ቅርፊቱ የሳሳበት ቦታ ከተረገጠ ይደረመሳል። ዶን ኒካኖር ይህን ያውቃሉ። ታዲያ ለምን አልፈተኑም? የኖራ ምልክት ስላዩ ነው። ኖራ የሚቀባው መንገዱን የፈተነ መሪ ነው፤ እያንዳንዱም የራሱ ምልክት አለው። ዶን ቶሪቢዮ መሪ አይደሉም። ሟቹ ዓይናቸውን ጨፍነው የሚረግጡት የማንን ምልክት ነው?»

ሁሉም ሄርሜሊንዳን አዩ።

«አሁን ኖራው የለም፤ ምልክቱ የነበረባቸው እነዚህ ሦስት ቦታዎች ታጥበዋል። ያጠበው ሰው የደፋው ውሃ ስንጥቁ ውስጥ ገብቶ እንፋሎት ሆኖ ተመለሰበት። ምጣድ የነካውን ቦታ ብቻ ያቃጥላል። ክንድን ዙሪያውን የሚልጠው እንፋሎት ነው።»

ሄርሜሊንዳ መሬት ላይ ተቀመጠች።

«የእናቴ ሙት ዓመት ነበር። ‹ሳልጎበኛት ልቀር ነው› እያለ አባቴ እህል አልቀምስ አለኝ። ላቫውን በመዳፌ ዳሰስኩት፣ ቀዝቃዛ ነበር። ሦስት ቀን ዘንቦ ምርኩዝ ምን ያደርጋል አልኩና ኖራዬን ቀባሁ።»

«አጎትሽ ሲታሰሩስ?»

«ሰው ገድሎት ቢሆን ብዬ ተመኘሁ።»

ኤውፍራሲያ የዶን ቶሪቢዮን ገመድ ቆረጠች። ሽማግሌው እጃቸውን እያሻሹ ወደ ልጅቷ ሄዱ። በጥፊ ይሏታል ብሎ ሁሉም ጠበቀ። እሳቸው ግን አጠገቧ ተንበርክከው ጨርቁን ፈቱት።

«ማነው እንዲህ አጥብቆ ያሰረልሽ?»

«ራሴ።»

አላልተው አሰሩላት። ከጨርቁ በታች ቆዳዋ አሁንም ይፋጅ ነበር።