ከቦቴው ሆድ ሦስት ምት

በላቸው ጠዋት ከአልጋው ሳይወርድ የሚያደርገው ነገር አንድ ነው፤ ራዲዮኑን ይከፍታል። ዜና ሊሰማ አይደለም፣ ዜናው ጉዳዩም አይደለም። ዝም ባለ ክፍል ውስጥ ዓይኑን የገለጠ እንደሆነ ግን ግራ ጆሮው ውስጥ ያለው ፉጨት ቀድሞት ይነሳና ቀኑን ሙሉ ይጫወትበታል። ስለዚህ ራዲዮኑ ዝቅ ብሎ ይንጫጫል፣ እሱ ካልሲውን ያጠልቃል፣ ባለቤቱ ስንዱ ቁርስ ታቀርባለች፣ ፉጨቱም ከራዲዮኑ ድምፅ ሥር ገብቶ እንደ ትንኝ ጥዝዝ ይላል። ይህን ዘዴ ያስተማረችው የጤና ጣቢያዋ ሲስተር ጽጌ ናት። ጸጥታ አይፈልጉ፣ ለስለስ ያለ ድምፅ ከአጠገብዎ አይጥፋ፣ ጩኸት ቦታ ከዋሉ በማግስቱ ጆሮዎን ያሳርፉ፣ ሲብስብዎትም አይደንግጡ፣ መደንገጡ ራሱ ያብሰዋል ብላዋለች። ድምፁ ከውጭ የሚመጣ ስላልሆነ ከእርስዎ በቀር ማንም አይሰማውም ያለችውንም ያስታውሳል። ይህችን የመጨረሻዋን ቃል በላቸው በጣም ይወዳታል።

ሥራው ሞጆ መውጫ ላይ ባለ አንድ ጋራዥ ውስጥ ነው፤ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የነዳጅ ቦቴ ሲጠግን ኖሯል። ተሰርጉዶ የመጣ ቦቴ በአንድ ሰው አይቃናም። አንዱ በላይኛው ክዳን ወደ ሆዱ ይወርድና ከባድ ብረት ከውስጥ ደግፎ ይይዛል፣ ሌላው ከውጭ ቆሞ በመዶሻ ይቀጠቅጣል። እዚያ ውስጥ መነጋገር የለም፤ እናትህ ብትጠራህ አትሰማም። ስለዚህ ሁሉም የሚያውቃት ሕግ አለች። ውጭ ያለው ሰው ከመጀመሩ በፊት አንድ ጊዜ ብቻ ይመታል፣ «ያዝ፣ ልጀምር ነው» ማለቱ ነው። ውስጥ ያለው ደግሞ ሦስት ጊዜ ካንኳኳ «አቁም፣ ልወጣ ነው» ማለቱ ነው። ሦስት ምት የሰማ ሰው መዶሻውን ያስቀምጣል፤ ለምን ብሎ አይጠይቅም።

ባለፈው ዓመት ከበላቸው ጋር የሚሠራው ሁንዴ ነበር፣ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ዘጠኝ ዓመት አብሮት የቆየ ሰው። ያኔ ነው አንድ የከባድ መኪና ጎማ ሲነፋ ከበላቸው ጆሮ በአንድ ክንድ ርቀት ላይ የፈነዳው። ሲስተር ጽጌ ሁለት ሳምንት ከጩኸት ይራቁ፣ ለሥራ ባልደረባዎም ይንገሩ አለችው። አልራቀም፣ አልነገረም። ጆሮው የደከመ ሰው ከውጭ ቆሞ እንደማይመታ ያውቃላ። እኔ ነኝ እንዴ ውስጥ ገብቼ እንደ ጀማሪ ብረት የምይዝ ብሎ ሆድ ይፍጀው አለ። በአራተኛው ቀን ቤንዚን ሲያመላልስ የኖረ ቦቴ መጣ፣ ለወጉ ያህል ታጠበ፣ ሁንዴም ወደ ውስጥ ወረደ።

በላቸው ጆሮው ውስጥ ጥጥ ወትፎ አንዴ መታና ጀመረ። ከጎማው ፍንዳታ ወዲህ ጆሮው ውስጥ ያልጮኸ ነገር አልነበረም፤ ያፏጫል፣ ይደልቃል፣ ያንኳኳል። ትንሽ እንደ ቆየ ሦስት ምት ሰማ። ጆሮዬ ነው አለና መታ። ደግሞ ሦስት ምት ሰማ፣ ደከም ያለ። ጆሮዬ ነው አለ። ከዚያ የቆርቆሮው ድምፅ ተለወጠ፣ ከኋላው ብረት የደገፈው እንደሌለ ባዶ ሆነ፣ እሱ ግን ይሄ ሰነፍ ክንዱን አሳረፈ ብሎ ተሳደበና ቅጥቀጣውን ቀጠለ። ሁንዴን በገመድ ሲያወጡት የቤንዚኑ ትነት አፍኖት ሞቶ፣ ከንፈሩ ጠቁሮ ነበር። የሁንዴ ሚስት ብርቄ መሬት ላይ ተቀምጣ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው፣ አንኳኩቶ ነበር ወይ ብላ። በላቸውም ዓይኑን በጨው ታጥቦ ማርያምን አላንኳኳም አላት። እግዜር ያሳያችሁ፣ ማርያምን ብሎ።

ስምንት ወር አለፈ። ጆሮው ውስጥ የቀረው ያው የለመደው ፉጨት ነበር። ከዚያ ጎረቤት ሠርግ ተደገሰና ስንዱ ካልሄድን ይቀየሙናል ብላ ጎትታ ወሰደችው፤ ድንኳኑ ውስጥም ድምፅ ማጉያው ሥር አስቀመጡት። በማግስቱ ፉጨቱ ተነሳበት። የተማረውን ሁሉ አደረገ፤ ሥራ አልገባም፣ ራዲዮኑን ከፈተ፣ የግቢውን ቧንቧ በቀስታ እንዲንጠባጠብ ለቀቀው፣ አልደነገጠም። በሦስተኛው ቀን ፉጨቱ ሲስተር ጽጌ እንዳለችው እየሳሳ እየሳሳ ሄደና ጠፋ። ሲጠፋ ግን ከሥሩ ሌላ ነገር ትቶ ሄደ፣ ጎርፍ ሲጎድል ድንጋይ እንደሚታየው። ሦስት ምት ነበር። ያርፍና ሦስት ምት።

ጆሮዬ ነው አለ በላቸው፣ ልማዱ ነዋ። ራዲዮኑን ከፍ አደረገው፣ ምቱ ግን ከራዲዮኑ ሥር አልገባም፣ በላዩ ላይ ሆነ። ቧንቧውን ለቀቀው፣ ውሃው ባልዲው ላይ እየተንዶቀዶቀ ሲፈስ ምቱ በውሃው መካከል ጥርት ብሎ መጣ፣ በወፍራም ብረት ላይ በጣት አጥንት እንደሚመታ ዓይነት፣ ከኋላው የሚያስተጋባ ባዶ ቦታ ያለው። ቀስ በቀስም ሽታ ተከተለው፤ ጠዋት ትራሱ ላይ፣ ምሳ ሰዓት ወጡ ውስጥ፣ ስንዱ አጠገቡ ስትቀመጥ ነጠላዋ ላይ የቤንዚን ሽታ። ልብስህን ከሥራ ስትመጣ ውጭ አውልቅ አለችው ስንዱ። እሱ ግን ሥራ ከገባ ሳምንት አልፎት ነበር።

ጤና ጣቢያ ሄደ። ስለ ሁንዴ አላነሳም፤ ያንኳኳብኛል ብቻ አለ። ሲስተር ጽጌ አንዳንዴ የደም ሥር ምት እንደዚያ ሊሰማ ይችላል አለችና በማዳመጫዋ ከጆሮው ኋላ ያለውን አጥንት ታዳምጥ ጀመር። ትንሽ ቆይታ ማዳመጫውን አወለቀችና «ይግቡ፣ ክፍት ነው» ብላ ወደ በሩ ጮኸች። ማንም አልገባም። ተነስታ ከፈተችው፤ ኮሪደሩ ላይ የቀትር ፀሐይ ብቻ ተኝቷል። ተመልሳ ማዳመጫውን አጥንቱ ላይ አደረገች፣ ፊቷም ቀስ እያለ ገረጣ። ምን እንደሰማች አልነገረችውም። ወደ አዲስ አበባ የሚላክበትን ወረቀት ጻፈችና እስኪወጣ ድረስ ቀና ብላ አላየችውም።

ወረቀቱን ኪሱ ከትቶ በቀጥታ ወደ ጋራዡ ሄደ፣ ለምን እንደሄደ ራሱም አያውቅም። ሠራተኞቹ ለምሳ ወጥተዋል። በሩ ላይ ብርቄ ቆማ አገኛት፤ እሱን ፍለጋ ስትመላለስ መሰንበቷን ነገረችው። በዚህ ዓመት እንዴት እንዳረጀች።

«ጋሽ በላቸው፣ አንድ ጊዜ ብቻ ልጠይቅዎ» አለችው። «ልጄ አባቴ ለምን አላንኳኳም ትለኛለች። ሰዉ ሁሉ በራሱ ቸልተኝነት ሞተ ይላል። እኔ ባሌን አውቀዋለሁ። በእውነት አላንኳኳም?»

በላቸው አፉን ከፈተ። ያን ጊዜ ጆሮው ውስጥ ያለው ምት ጸጥ አለ፤ መልሱን ለመስማት ጆሮውን የደቀነ ሰው ዓይነት ጸጥታ ነበር። አሁን ብነግራት አለቀልኝ አለ በልቡ፣ ከሰውም ከእንጀራም ወጣሁ።

«አላንኳኳም፣ ብርቄ» አላት።

አንገቷን ደፍታ ሄደች። ምቱም ወዲያው ተመለሰ፣ አሁን ግን ደከም ያለ ነበር፣ ልክ እንደዚያ ቀን ሁለተኛው ዙር። በላቸው ያን ሲሰማ ልቡ ስንጥቅ አለ። እልህም መጣበት፤ ኧረ ምን ልሁንልህ፣ ምንድን ነው የምትፈልገው አለ። ወዲያው መልሱ ሞኝ እንኳ የሚያውቀው ሆኖ ታየው። ሦስት ምት ማለት «አቁም፣ ልወጣ ነው» ማለት ነው፤ ሌላ ምንም አልጠየቀውም። ይሄማ ቀላል ነው፣ ለብርቄ ከመናገር ይቀላል። ሁንዴ የሞተበት ያ ቦቴ ገዢ አጥቶ ከአጥሩ ሥር ዝጎ ቆሟል። መሰላሉን ወጥቶ ክዳኑን ከፈተ፣ አፉንም ወደ ጨለማው ዝቅ አድርጎ፣ «አቁሜያለሁ፣ ሁንዴ። በቃ ውጣ» አለ።

አንድ ሞቅ ያለ ነገር ጉንጩን ታክኮ አለፈ፣ እንደ ትንፋሽ። ምቱ ቆመ።

ቆመ ስል ምቱም፣ ማስተጋባቱም፣ ሁሉም። በላቸው መሰላሉ ላይ እንደ ተንጠለጠለ ዝንቦቹን ሰማ፣ ሩቅ የሚያልፍ ባቡር ሰማ፣ የራሱን ትንፋሽ ሰማ፣ ደስታው አላስችል ብሎት አለቀሰ። ቤቱ ገብቶ ራዲዮኑን ዘጋው። ስንዱ ገረማት። ጠግቦ በላ፣ ቧንቧውን አጥብቆ ዘጋ፣ አልጋው ላይ ጋደም ብሎ ከስንት ወር በኋላ ያገኘውን ጸጥታ ጠጣው።

ስንዱ ከጓዳ አንድ ነገር ጠየቀችው። ድምፅዋ የመጣው ከወፍራም ነገር ጀርባ ይመስል ነበር፣ ታፍኖ፣ ዙሪያውን እያስተጋባ። ምን አልሽ ሊላት ሲል የራሱ ቃል ከየአቅጣጫው ተመልሶ ፊቱን መታው። የመስኮቱ ብርሃን አናቱ ላይ ክብ ሆኖ ጠበበ፣ ጉሮሮውን ቤንዚን አፈነው፣ እጆቹም ሳያዛቸው ደረቱ ፊት ተነስተው ከባድ ነገር እንደሚደግፍ ሰው ተዘረጉ። በፍርሃት ሦስት ጊዜ አንኳኳ፣ አልጋው ይሁን ግድግዳው ወይም ሌላ ነገር ለይቶ አላወቀም።

ከዚያ ከውጭ በኩል፣ ረጋ ብሎ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ተመታ።