ከቀኝ ትከሻዬ ያልራቀው ኮቴ

እኔ እንኳን ጂን፣ መንፈስ ምናምን ሲወራ ስቄ የማቋርጥ ሰው ነኝ፣ ሥራዬ ሮቤ ዩኒቨርሲቲ ሒሳብ ማስተማር ነው፣ ያውም ጌም ቲዎሪ፣ የተፋላሚዎችን ጨዋታ በሒሳብ የሚያሰላውን፤ ሚሳኤል አውሮፕላንን እንዴት እንደሚያሳድድ፣ አውሮፕላኑስ እንዴት እንደሚያመልጥ። እመኑኝ፣ በቀመር የማይፈታ ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር።

ባለፈው ክረምት ከሪራ ወደ ጎባ በሞተሬ እየተመለስኩ ነው፣ ከኋላዬ መኪና አጥተው ሲቸገሩ ያገኘኋቸው ማር ነጋዴው ኦቦ ከድር ተፈናጠዋል። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ባሌ ተራሮች አናት ላይ ካለው ሳነቴ ሜዳ ስንደርስ ጉም ዋጠን። ያኔ ነው በቀኝ በኩል የሚጋልብ ከባድ ኮቴ የሰማሁት።

ስፈጥን ይፈጥናል፣ ፍጥነት ስቀንስ ይቀንሳል። በዚያ በኩል ኩሬ እንዳለ አውቃለሁ፣ ግን የውሃ ድምፅ የሚባል የለም፣ ደረቅ መሬት ላይ እንደሚሮጥ ነው የሚሰማው።

«ልጄ፣ ንጂው! ያ ረቢ፣ ንጂው!» ይላሉ ኦቦ ከድር ጃኬቴን ጨምድደው።

እኔን ግን ያስፈራኝ ሌላ ነው፣ ድምፁ እየቀረበ ከቀኝ ትከሻዬ አቅጣጫ ንቅንቅ አላለም። ተማሪዎቼን ስንቴ ብያቸዋለሁ፣ ጎበዝ ሚሳኤል ጭራህን አይከተልም፣ የምትደርስበት ቦታ ቀድሞ ሊያገኝህ ነው የሚሄደው፣ አቅጣጫው ሳይለወጥ ከቀረበ አለቀልህ። መንዳት ብቻ አያድነንም። ግን ፈጣን ነገር በአጭሩ መታጠፍ አይችልም፣ አፍንጫህ ሥር እስኪደርስ ጠብቀህ ድንገት ወደ እሱው መታጠፍ ነው፣ ከቸኮልክ ያስተካክላል፣ ከዘገየህም አበቃ።

«አባቴ፣ አጥብቀው ይያዙኝ፣ ልታጠፍ ነው!»

«ወዴት?»

«ወደ እሱ!»

«አብደሻል እንዴ?»

ትንፋሹ ጉንጬን ሲሞቀኝ መሪውን ወደ ቀኝ ጠመዘዝኩት፣ ኩሬውን አልፈን ስለነበር ከመንገድ ወጥተን ሣሩ ላይ ገባን። የሆነ ግዙፍ ነገር በግራ ጎናችን ሽው ብሎ አለፈ፣ ረጃጅሞቹ የጅብራ ተክሎች ተርገፈገፉ፣ ኮቴው እየራቀ እየራቀ ጠፋ። አመለጥን! እውነቴን ነው፣ እዚያው ሜዳ ላይ እልልታዬን አቀለጥኩት፣ ኦቦ ከድርም እየሳቁ ጀርባዬን ይደልቃሉ። እንደዚያ ቀን በትምህርቴ ኮርቼ አላውቅም።

ጎባ ሳወርዳቸው ግን ሳቃቸው ጠፍቷል። «አሁን ዘዴሽን አየ» አሉኝ፣ «ሌላ ቀን በሌላ ዘዴ ነይ።»

ልክ ናቸው፣ ጨዋታው የሁለት ተጫዋች ነው፣ እሱም ይማራል። ከዚያ ወዲህ ሳነቴን ሁለቴ በሰላም አቋረጥኩ። ባለፈው ሳምንት ግን ኮቴውን ከፊቴ ሰማሁት፣ አይሮጥም፣ አንድ ቦታ ቆሞ መሬት ይመታል፣ ወዴት እንደምታጠፍ የሚጠብቅ ነው የሚመስለው። አልታጠፍኩለትም፣ ጥርሴን ነክሼ ቀጥ ብዬ በድምፁ መሃል አለፍኩ፣ አሁንም አሸነፍኩ።

አሁን ግን ይሄንንም አይቷል።