ቆርጬ ያወጣኋት ልጅ

የሦስት ሰዓት የቪዲዮ ካሴት ወደ ዲቪዲ ለመገልበጥ ሦስት ሰዓት ይፈጃል። ይህን ለደንበኛ ማስረዳት አድካሚ ነው። ሰው ኮምፒውተር ስላየ ብቻ ቶሎ የሚያልቅ ይመስለዋል። ዴኩ ግን እንደ ድሮው እየዞረ ነው የሚያጫውተው፤ ያረጀ ካሴት መቼ እንደሚተበተብ ስለማይታወቅ እኔም ከአጠገቡ አልነሳም። እናም አቃቂ በሰቃ ባለችው ጠባብ ሱቄ ቁጭ ብዬ የማላውቀውን ሰው ሰርግ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አያለሁ። ማን ከማን ጋር እንደተኳረፈ፣ የቱ አጎት ሥጋ እንደሚያበዛ፣ ሁሉን አውቃለሁ።

ሙዓዊያ የመጣው ረመዳን በገባ በአምስተኛው ቀን ነው። በፌስታል ሦስት ትልልቅ ካሴቶች ይዟል፤ የአክስቱ ሰርግ፣ የታላቅ ወንድሙ ሰርግ፣ የእህቱ ሰርግ። ቤታቸው የነበረው ዴክ ከተበላሸ አሥራ አምስት ዓመት አልፎታል፣ እናቱ ለዒድ ማየት ይፈልጋሉ። ቃሊቲ፣ የጭነት መኪና መለዋወጫ መጋዘን ውስጥ እንደሚሠራ ነገረኝና «እባክሽ ተጠንቀቂላቸው» ብሎ በሁለት እጁ አቀበለኝ። ከዚያ ሌላ ብዙ አላወራም። ሲወጣ ግን አንዴ ዞሮ አይቶኛል፤ እኔም ሲዞር አይቼዋለሁ።

እውነቱን ልናገር። ሥራው የአራት ቀን ሥራ ነበር፣ ሦስት ሳምንት አስፈጀሁት። በየቀኑ ከሥራ ሲወጣ «ደረሰ?» ሊለኝ ይመጣላ! እኔ ደግሞ በየቀኑ አንድ ምክንያት አላጣም፤ መብራት ጠፋ፣ ዴኩ ሞቀ፣ ካሴቱ አቧራ አለበት። ጎረቤቴ ሥርጉት፣ ፎቶ ኮፒ ቤት ያላት፣ «አንቺ ልጅ፣ የዚህ ሰውዬ ካሴት ማለቂያ የለውም?» ትለኛለች። እሷ እንኳን የገባትን እሱ ሳይገባው አይቀርም፤ ግን አንድም ቀን አልተቆጣም።

አንድ ቀን ዝናቡ አላስወጣ አለው። ታክሲም የለም። አዛን ሲል ከኪሱ በወረቀት የተጠቀለለ ቴምር አወጣና ግማሹን ሰጠኝ። ሱቁ በር ላይ፣ እሱ በርጩማ ላይ፣ እኔ ወንበሬ ላይ ሆነን አፈጠርን። ዝናቡ ሲያባራ ቶሎ ማባራቱ አናደደኝ።

ታዲያ ደስታዬን የምታበላሽ ሰው ነበረች። ካሴቱ ውስጥ።

መጀመሪያ ያየኋት በአክስቱ ሰርግ ላይ ነው። የሰባት ዓመት ልጅ ናት፣ ቢጫ ቀሚስ፣ በአንድ ረጅም ሰውዬ ትከሻ ላይ ተሰቅላለች። ሙዓዊያም ሰባት ዓመቱ ነው፤ ከሥር ሆኖ ከረሜላ ያቀብላታል። እንደዚያች ልጅ የሚስቅ ሰው አይቼ አላውቅም። ካሜራ የያዘው ሰው ደግሞ ሥራ የጠፋ ይመስል እነሱን ይከተላል፤ ከሙሽራው ወገን የመጡ ሴቶችም «ሙሽሮቹ እነዚህ ናቸው» እያሉ ይሳሳቃሉ።

ሁለተኛው ካሴት ላይ አድጋለች። ሦስተኛው ላይ ሁለቱም አሥራ ሦስት ዓመት ገደማ ናቸው፤ እሷ እጇን ሂና ተቀብታ ምንም መንካት ስላልቻለች ሙዓዊያ ብርቱካን እየላጠ ያጎርሳታል። ናዕማ፣ ናዕማ፣ ናዕማ! ስሟን ሳልጠይቅ አወቅኩት፤ ቤተሰቡ በሙሉ የሚጠራው እሷን ብቻ ነው።

ለሥርጉት ነገርኳት። ሳቀችብኝ። «በሰባት ዓመት ልጅ ቀናሽ?» አለችኝ። አዎ፣ ቀናሁ፣ ነውር መሆኑን አውቃለሁ። ግን የሰባት ዓመት ልጅ ሰባት ላይ አትቆምም፤ ሙዓዊያ ሃያ ዘጠኝ ከሞላው እሷም ሞልቷታል።

ዒድ አምስት ቀን ሲቀረው መጣና ለመጀመሪያ ጊዜ አቻኮለኝ።

«ናዕማ ከድሬዳዋ ትመጣለች። እሷ ከመድረሷ በፊት ይለቅልኝ» አለ።

«ናዕማ ማናት?» አልኩ፤ እንዳላወቀ ሰው።

ፈገግ አለ። «ስትመጣ ታያታለሽ።»

ያቺ ፈገግታ ናት ያሳበደችኝ። እሱ ከሄደ በኋላ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጥኩና ናዕማን መቁረጥ ጀመርኩ። ሥራው ቀላል ነው፤ ከዚህ እስከዚህ ብለሽ በማውስ መያዝ፣ መቁረጥ፣ የቀረውን መግጠም። ከወንድምየው ሰርግ ስድስት ደቂቃ፣ ከእህትየው ዘጠኝ። ከአክስቱ ሰርግ አሥራ አንድ ደቂቃ ሙሉ ቆረጥኩ፤ ቢጫ ቀሚስ ብልጭ ካለበት ቦታ ሁሉ አወጣኋት። ሲያልቅ ዲቪዲ ላይ ጻፍኩት፣ ኮምፒውተሩም ሞልቶ ስለነበር እንደ ልማዴ ያልተቆረጠውን ሙሉ ቅጂ አጠፋሁት። ሰርግ ረጅም ነው፣ ማን ያስታውሳል ብዬ ነው። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም።

ዲቪዲዎቹን ሊወስድ ሲመጣ እናቱ በዒድ ማግስት ምሳ እንደጋበዙኝ ነገረኝ። ሙዓዊያ አፈረና ወደ ጎን እያየ «ሊያውቁሽ ፈልገው ነው» አለ። የወንድ እናት አንዲትን ልጅ ሊያውቋት ሲፈልጉ ምን ማለት እንደሆነ አቃቂ ላይ ላደገ ሰው አይነገርም።

አረንጓዴ ሻርፔን አድርጌ ሄድኩ። በሩን የከፈተችልኝ ናዕማ ናት። ከካሴቱ ይልቅ በአካል ታምራለች፣ ይሄ ራሱ አቃጠለኝ። እሷ ግን አቅፋ ሳመችኝ።

«ጣይባ አንቺ ነሽ? ወንድሜ ካንቺ ሌላ ወሬ የለውም እኮ።»

«ወንድሜ?» አልኩ።

«አልነገረሽም? እናቴ እኔን ወልዳ በሳምንቱ ሞተች። የሱ እናት፣ እማዬ፣ እሱን እያጠባች ስለነበር እኔንም አብራ አጠባችኝ። አንድ ጡት ነው የጠባነው።»

የጡት እህቱ ናት። በእኛ ሃይማኖት አንድ ጡት የጠቡ ወንድና ሴት ከአንድ ማኅፀን እንደወጡ ናቸው፤ መጋባት የለም፣ ማሰቡም ሐራም ነው። እግሬ መሬት አልነካ አለኝ። ያቺ ደስታ ግን ከምሳው በላይ አልቆየችም።

ከምሳ በኋላ ሁሉም ቴሌቪዥኑ ፊት ተሰበሰበ። እናትየው እትዬ ኡምሀኒ መነጽራቸውን አድርገው በጣም ቀርበው ተቀመጡ። የአክስትየው ሰርግ ተጀመረ። ሙሽራዋ ወጣች፣ ድቤው ተመታ። እትዬ ኡምሀኒ እጃቸውን ወደ ስክሪኑ ዘርግተው «አሁን ነው፣ አሁን በዚህ በር ይገባል» አሉ። በሩ ታየ። ከዚያ ምስሉ ዘለለና ሰዎች እጅ ሲታጠቡ መጣ።

«እዚህ ጋ ነበር» አሉ። ሙዓዊያ ወደ ኋላ መልሶ አጫወተው። እንደገና ዘለለ።

«አባዬ እኔን ትከሻው ላይ አድርጎኝ ነበር አይደል እማዬ?» አለች ናዕማ።

«አዎ። ደርዊሽ እስኪመሽ ከትከሻው አላወረደሽም።»

ያ ረጅም ሰውዬ የሙዓዊያ አባት ኖሯል! ሹፌር ነበሩ፣ ዕድሜያቸው ጅቡቲ መንገድ ላይ ነው ያለቀው፤ በሌሎቹ ሰርጎች ጊዜ በሕይወት አልነበሩም፣ የሚንቀሳቀስ ምስላቸው ያለው እዚህ ብቻ ነው። እኔ የተሸከሟትን ልጅ ሳይ የተሸከማትን ሰው አንድ ጊዜ እንኳ ቀና ብዬ አላየሁም። እሷን ስቆርጥ አብረው ወጥተዋል።

እትዬ ኡምሀኒ መነጽራቸውን አወለቁና እኔን ማጽናናት ጀመሩ። ካሴቱ አርጅቷል፣ ዕድሜ በልቶታል፣ ልጅቷ ምን ታድርግ አሉ። «አብሽሪ የኔ ልጅ» ብለው ጉልበቴን መታ መታ አደረጉ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ካሴቱን ስጡኝ፣ እንደገና ልሞክር ብዬ ይዤ ወጣሁ።

በማግስቱ የዴኩን ውስጥ በአልኮል ጠርጌ ካሴቱን አስገባሁ። በሩ እስኪመጣ ድረስ በደህና ሄደ። ልክ ደርዊሽ ሲገቡ ዴኩ ጮኸ፣ ካሴቱን በላው። ቀስ ብዬ አወጣሁት፤ ክሩ ተጨማዶ ነበር። አቃንቼ፣ ጠቅልዬ መልሼ አጫወትኩት። ምስሉ እየተንቀጠቀጠም ቢሆን መጣ፣ ድምፁ ግን አልመጣም። የካሴት ድምፅ የሚቀዳው በክሩ ጠርዝ ላይ ነው፤ የተጎዳውም ጠርዙ ነው።

ያን ቀን ሰውየውን አየኋቸው። ሲስቁ ትከሻቸው ይነቃነቃል። ናዕማን እንደተሸከሙ ጎንበስ ብለው ለትንሹ ሙዓዊያ ረዘም ያለ ነገር ይነግሩታል፤ እሱ አፉን ከፍቶ ይሰማል። ይህን ከነድምፁ ይዤው ነበር። በጆሮ ማዳመጫ ሰምቼው፣ ምንም ሳልሰማ ጣልኩት።

ሙዓዊያ ከሥራ ሲወጣ መጣ። «ካሴቱ ነው» ብል ያምነኛል። እናቱም አምነዋል። አፌን ከፈትኩ፣ ውሸቱ ምላሴ ላይ ነበር፤ ዓይኑን ሳይ ግን አልወጣ አለኝ።

«ካሴቱ ምንም አልሆነም ነበር። የቆረጥኩት እኔ ነኝ» አልኩት። «ናዕማ ያለችበትን ሁሉ ነው የቆረጥኩት።»

«ለምን?»

«ቀንቼ።»

ምስሉ መመለሱን፣ ድምፁ ግን መጥፋቱን ነገርኩት።

«የአባቴን ድምፅ ረስቼዋለሁ» አለ ቀስ ብሎ። «ያመጣሁልሽ ለሱ ነበር። ለማንም መናገር ስለከበደኝ ነው ያልነገርኩሽ።»

ወጣ። ሲወጣ አልዞረም።

ዘጠኝ ቀን አልመጣም። ስልኬን አላነሳም። ሥርጉት የተመለሰውን ምስል በዲቪዲ አድርገሽ በሰው ልኪላቸው አለችኝ። እኔ ግን ልክ ለእሱ እንደተናገርኩ ለእናቱም ካልተናገርኩ ዕድሜ ልኬን እነዚያ «አብሽሪ» ያሉኝ እጆች ጉልበቴ ላይ እንደሚቀሩ ገባኝ። እሑድ ከሰዓት በራሴ እግር ሄድኩ።

ሙዓዊያ ቤት ነበር። ሲያየኝ ሊወጣ ተነሳ፣ እናቱ «ተቀመጥ» አሉት። ቆሜ ነገርኳቸው። ካሴቱ ንጹሕ እንደነበር፣ እኔ እንደቆረጥኩት፣ ድምፁ በእኔ ምክንያት እንደጠፋ። ለምን እንደሆነ ሲጠይቁኝ መሬት መሬት እያየሁ «በሙዓዊያ ቀንቼ ነው እትዬ» አልኩ። ይህን ለእሱ ለራሱ እንኳ በቅጡ ሳልለው ለእናቱ አልኩት። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር።

እትዬ ኡምሀኒ አልተቆጡም፣ አልሳቁምም። ዲቪዲውን ተቀበሉኝና ለልጃቸው ሰጡት። «ክፈተው» አሉ።

ደርዊሽ በበሩ ገቡ። ድምፅ የለም። ናዕማ ትከሻቸው ላይ ናት። እትዬ ኡምሀኒ እንባቸው ጉንጫቸው ላይ እየወረደ እያንዳንዷን እንቅስቃሴ ተከተሉ። ባላቸው ጎንበስ ብለው ለልጁ መናገር ሲጀምሩ እጃቸውን አነሱ።

«እዚህ ጋ ምን እንዳለው ልንገራችሁ» አሉ። «'ልጄ፣ ስታድግ የማትቀናብህን ሴት እንዳታመጣ። ያልቀናች ሴት ቤት አትጠብቅም' አለው።»

ሙዓዊያ ወደ እናቱ ዞረ። «አባዬ እንደዚያ ብሎኛል?»

«አንተ ከረሜላህን ነበር የምታየው፣ ምን ታውቃለህ?»

ምስሉ ላይ የደርዊሽ ከንፈር አሁንም ይንቀሳቀሳል። ሙዓዊያ አባቱን አየ፣ እናቱን አየ፣ በመጨረሻ በዘጠኝ ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ እኔን አየ። ከዚያ ፍራሹ ላይ ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀልኝ። ተቀመጥኩ።

ደርዊሽ ያን ይበሉ አይበሉ የሚያውቅ የለም፤ ድምፁን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። የዒዱ ወር ሸዋል ሳያልቅ ሽማግሌዎቹ አባቴ ቤት ሲመጡ ግን ቃሉ የሟች አባት ኑዛዜ ተብሎ ቀረበ። ጓዳ ሆኜ ሰማሁ፣ ዝምም አልኩ።