የረቡዕ መረቅ

ባቡር ከገባባት ቀን ጀምሮ ድሬዳዋ እንደ ዘገዬ የቀና ወንድ አላየችም። ቀናተኛማ ሞልቷል፤ ሚስቱን ገበያ ሲልክ ጥላዋን ቤት የሚያስቀር ነበረ ይባላል። እነዚያ ሁሉ ግን የቀኑት በሰው ነው። ዘገዬ የቀናው በድስት ነው።

ጊዜው የደርግ ነው። ስኳር በኩፖን ይታደላል፤ ባቡሩ ሲለው ይመጣል፣ ሲለው ይቀራል። ኩፖን የማይጠየቅበት ሙቀቱ ብቻ ነበር። እኩለ ቀን ላይ ሐዲዱ ከመጋሉ የተነሳ አህያ እንኳ የምትሻገረው ተንደርድራ ዘልላ ነው።

ዘገዬ የምድር ባቡር በያጅ ነው። ሲበይድ ብልጭታው ጅቡቲ ድረስ ይታያል ይባላል፤ ብዙውን ጊዜ የሚለው ራሱ ቢሆንም። ከዚራ ሰፈር የተከራያትን አንዲት ክፍል ከእነየሺአረግ ግቢ የሚለያት አንድ የቆርቆሮ አጥር ነበር።

የሺአረግ ቆንጆ ናት ማለት፣ ከተማውን የሚጠርገው የደቻቱ ወንዝ በክረምት ትንሽ ውሃ ይይዛል እንደ ማለት ነው። አባቷ በሕይወት ሳሉ በባቡሩ የምግብ ፉርጎ ውስጥ ለፈረንጆቹ ያበስሉ ነበር። ሲሞቱ ለሚስታቸው ለወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስና ለልጃቸው ትተው የሄዱት ሀብት አንድ ሙያ ነው፤ እየሸጡ የሚኖሩበት የበሬ ሥጋ ሳንዱች ከነማጥቀሻ መረቁ።

ሙያውማ ሙያ ነው። ሥጋውን ከነአጥንቱ ትልቅ ድስት ላይ ጥላ እስኪጠቁር ታገላብጠዋለች። ድስቱ ሥር ተጣብቆ የሚቀረውን ሌላዋ ባለሙያ ፈትጋ ትደፋዋለች፤ የሺአረግ ግን ውሃ ጠብ አድርጋበት በማማሰያ ቀስ እያለች ታስለቅቀዋለች፤ ነፍሱ ያለው እዚያ ነው። በወፍራሙ የተከተፈ ቀይ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት ከነልጣጩ፣ ቁንዶ በርበሬ፣ አንድ ዘለላ የጥብስ ቅጠል ትጨምርበታለች። ከዚያ እሳቱን ትቀንስና ድስቱ እንዳይንተከተክም፣ እንዳይተኛም አድርጋ ትጠብቀዋለች። ስቡን ገፍፋ፣ በንጹሕ ጨርቅ አጥልላ፣ በስሱ የተቆረጠውን ሥጋ በፉርኖ ዳቦ፣ መረቁን በሲኒ ታቀርባለች። ደንበኛው ፉርኖውን መረቁ ውስጥ ነክሮ አንድ ጊዜ ከጎረሰ በኋላ ስሙን ቢጠይቁት አይመልስም። አንድ የባቡር ነጂ ሁለተኛውን ሳንዱች ሳልጨርስ አልነሳም ብሎ መንገደኛውን ሁሉ ለገሀር ጣቢያው ላይ አስቀምጦ ያዋለው በዚህ መረቅ ምክንያት ነው።

ዘገዬ ጠዋት ጠዋት ሳንዱቹን የሚቀበለው ከእጇ ነበር። እሷ ስታቀብለው ዓይኗን ዝቅ ታደርጋለች፤ እሱ መልሱን ሳይቀበል ይሄዳል። ሽማግሌ የሚልክበትን ቀን እያሰበ ነበር።

እንዲህ እያለ፣ አንድ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ የሥጋው ሽታ በአጥሩ ላይ ተሻግሮ መጣ።

ረቡዕ! ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ ረቡዕና ዓርብ እንኳን ሥጋ፣ ሥጋ የተከተፈበትን ቢላዋ የማያዩ ሴት ናቸው። ክርስቲያን ቤት፣ በጾም ቀን፣ ሥጋ ለማን ይሠራል? ዘገዬ ይህን ሲያስብ ልቡ ቀድማው አጥሩ ጋ ደርሳ ነበር። በቆርቆሮው ሽንቁር አጮለቀ።

የሺአረግ ምድጃው አጠገብ ቆማለች። ፊት ለፊቷ አብዲራህማን ቆሟል። አብዲራህማን ከወንዙ ማዶ ያለው የሙስሊሞቹ ሰፈር፣ የመጋላ ልጅ፣ የፊያት ከባድ መኪና ሾፌር፣ የጓደኛዋ የመድና ታላቅ ወንድም ነው። ሲስቅ ጥርሱ መብራት በጠፋበት ምሽት ለሁለት ቀበሌ ይበቃል። የሺአረግ ከድስቱ በማንኪያ ጨለፍ አድርጋ፣ እፍ እፍ ብላ አብርዳ ሰጠችው። እፍ እፍ ያለችበትን ዘገዬ አየ። ለዕድሜ ልክ ቅናት ያ ብቻ ይበቃው ነበር።

«እህሳ አብዲ?»

አብዲራህማን ዓይኑን ጨፍኖ ቆየ። እሷ አፉን አፉን እያየች ጠበቀች።

«ወላሂ ሊደርስ ነው። ግን ጨው ፈሪ ነሽ አቦ። ጨምሪ።»

ዘገዬ በማግሥቱ የበየደው የፉርጎ በር እስከ ዛሬ አልተከፈተም ይባላል።

ሐሙስ ዕለት ከወርክሾፕ ሲወጣ ቀጥታ በሩ ላይ መስቀል ወዳለበት የክርስቲያን ሥጋ ቤት ሄደ። ምን ቢሆን ነው፣ ድስት ነው እንጂ ሞተር አይደለም ብሎ መረቁን ራሱ ሊሠራው ተነሳ። ወንድ ልጅ ድስት ሲጥድ ያየ ጎረቤት ሁሉ ወንበር ይዞ መጣ። ሥጋው ጠቆረ፤ መጥቆርም ነበረበት። ድስቱ ጠቆረ። ግድግዳው ጠቆረ። በመጨረሻ የወጣው ነገር ለግቢው ድመት ቢሰጥ ድመቷ ለሦስት ቀን ግቢ ቀየረች። ዘገዬ ግን ሁለት ነገር ተማረ፤ መረቅ በችኮላ እንደማይሆን፣ የሺአረግም ረቡዕ ያን ሁሉ ሰዓት ከዚያ ሰው አጠገብ ቆማ እንደዋለች። ይህን ሲያስብ ባሰበት።

ከዚያ በኋላ ረቡዕ በመጣ ቁጥር አጥሩ ሥር ነው። ሽታውን ይስባል፤ የአብዲራህማንን ፍርድ ይሰማል። አንዱን ረቡዕ «ሽንኩርቱ ጮኸብኝ» ይላታል፤ በሚቀጥለው «ቅጠሉን ቀንሺ» ይላታል። አንድ ቀን ደግሞ ማንኪያውን ላሰና «ይሄ ነው» አላት። የሺአረግ ሳቀች። ዘገዬ ያን ሳቅ ከዚህ በፊት ሰምቶት አያውቅም።

በሚቀጥለው ረቡዕ ዘገዬ አብዲራህማን ከመምጣቱ በፊት ሄዶ የየሺአረግን በር አንኳኳ።

«የሺ፣ ዛሬ ረቡዕ መሆኑን ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ይሄ የሥጋ ሽታ ከየት መጣ?»

«ከድስት» አለችው። አልሳቀችም።

«የሚቀምስልሽ ሰው ካስፈለገ እኔ አለሁ።»

«ትጾም የለ እንዴ?»

«ዛሬ አልጾምም።»

«ሥጋው ደግሞ የሙስሊም ነው። ድስቱም ቢላዋውም ከመጋላ የመጣ ነው።»

«ቢሆንስ» አለ ዘገዬ። ዕድሜውን ሙሉ ሳያፈርስ የኖረውን ጾሙንም የሙስሊም ሥጋ አለመብላቱንም በአንድ ማንኪያ ሊያፈርስ እጁን ዘረጋ።

የሺአረግ የተዘረጋውን እጅ አየችው። ድስቱ አንዴ ብልቅ አለ።

«ለመድና ሠርግ ነው የምለማመደው። ረቡዕ ሳንዱች ስለማንሸጥ ምድጃው ነጻ ነው፤ እማዬም ፈቅዳልኛለች። እኔ መቅመስ ስለማልችል አብዲ ይቀምስልኛል። ብትጠይቀኝ እነግርህ ነበር። አንተ ግን አጥሩን ጠየቅኸው።»

ዘገዬ መሬት መሬቱን አየ።

«አሁንም ጾምህን የምታፈርሰው በእኔ ፍቅር አይደለም፣ በአብዲ ቅናት ነው። ነገሩ የሁለታችሁ ነው፤ እኔ የለሁበትም።» ማንኪያውን ወደ ኋላዋ አደረገችው። «ሽማግሌ ልትልክ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ። እንዳትልክ።»

በሩ ተዘጋ። ባለ ሠላሳ ፉርጎ ባቡር ደረቱ ላይ ቢያልፍ ይቀለው ነበር። ይባስ ብሎ፣ እውነቱን ካወቀ በኋላም ቅናቱ አልተወውም። ምላስ ያው ምላስ ነው። እሷ ዓይኗን የምትጥልበት የሌላ ሰው አፍ ነው።

ሠርጉ ሲቃረብ ሙሽራዋ መድና ራሷ ድስቷን ልትወስድ ወደ ከዚራ መጣች። ስትወጣ አጥሩን በመዳፏ ደበደበችው።

«ዘገዬ፣ እዚያ እንዳለህ አውቃለሁ።»

«አለሁ።»

«በወንድሜ ቀናህ አሉ።»

«ማን አለ?»

«ከዚራ በሙሉ። መጋላም ሰምቷል። ጅጅጋ ገና አልደረሰም መሰለኝ።»

መድና ወደ ሽንቁሩ ጠጋ አለች።

«ስማኝ አቦ። እኔና የሺ ከልጅነት ጀምሮ አንድ ላይ ነን። ይሄን መረቅ እዚህ ግቢ ስንት ጊዜ አሸተትኩት፤ ሥጋው የእናንተ የክርስቲያኖቹ ነውና አንድ ቀንም አልቀመስኩትም። ለሠርግሽ ምን ላድርግልሽ ስትለኝ፣ በእኛ ሥጋ ሥሪልኝና አንዴ ልቅመሰው አልኳት። አብዲ ያዋሳት ምላሱን ነው፤ ሌላ ነገር አላዋሰም።»

«ሽታው ብቻ ሲደርስ እንዴት እንደሆነ አውቃለሁ» አለ ዘገዬ ቀስ ብሎ።

መድና ድስቷን መሬት አስቀመጠች። «እንግዲያው ዓርብ ና። ትልቁን ድስት የሚያወርድ ጉልበት ያስፈልጋል።»

«የሺ ትቆጣለች።»

«ሠርጉ የኔ ነው። አብሽር።»

ዓርብ ዘገዬ የደቻቱን ድልድይ ተሻግሮ መጋላ ገባ። ሠርጉን ያየ አየ፤ ግማሹ ድሬዳዋ ተጠርቷል፣ ግማሹ ሳይጠራ መጥቷል። ከጓሮ የሺአረግ ሕፃን የሚዋኝበት የሚያህል ድስት ላይ ጎንበስ ብላለች። ፊቷ ጥሩ አይደለም። የአብዲራህማን መኪና ከነሾፌሩ ዕቃ እንዲያመላልስ በመንግሥት ትእዛዝ ወደ ሁርሶ ጦር ሰፈር ተወስዷል፤ በእህቱ ሠርግ ቀን እንኳ እምቢ የሚባል ትእዛዝ አልነበረም።

ቀማሽማ ሞልቷል። የመድና አክስት ቢሻሮ ቀመሱና «ማሻአላህ» አሉ። ጎረቤቷ ሰምሰም ቀመሰችና «ጥሩ ነው» አለች። አንዲት አሮጊት ደግሞ ሳይቀምሱ «ጥሩ ነው» አሉ። የሺአረግ ሁሉንም አመሰገነች፤ አንዳቸውንም አላመነችም።

ዘገዬ ድስቱን ሊያወርድ ቀረበ። እንፋሎቱ ፊቱን ሲመታው ቆመ።

«አልደረሰም» አለ።

የሺአረግ ቀና አለች። ሊመጣ ይችላል ብላ አላሰበችም። «ቀመስከው?»

«ዓርብ እኮ ነው። ባፍንጫዬ ነው።»

«ምኑ ነው ያልደረሰው?»

«ጨው። አብዲ ጨምሪ ያለሽ ዕለት እንዲህ ነበር የሚሸተው። ሽንኩርቱ ጮኸብኝ ያለሽ ዕለት ሌላ ነው። ይሄ ነው ያለሽ ዕለት ደግሞ…»

«ደግሞ?»

«ያን ዕለት እራት አልበላሁም።»

የሺአረግ ወደ መድና አክስት ዞረች። «እትዬ ቢሻሮ፣ በአላህ እውነቱን ንገሩኝ።»

ቢሻሮ ሌላ ማንኪያ ቀመሱ። አካባቢውን አዩ። «ኧረ አልጫ ነው ልጄ። እንግዳችን ነሽ ብዬ አፍሬ ነው።»

የሺአረግ ጨው አነሳች። ዘገዬ ድስቱ ላይ አጎንብሶ ዓይኑን ጨፈነ። እሷ ትነሰንሳለች፣ ታማስላለች፤ እሱ ይስባል።

«ትንሽ።»

ነሰነሰች።

«አሁንም።»

ነሰነሰች።

«በቃ። ይሄ ነው።»

ዓይኑን ሲገልጥ እሷ ስታየው አገኛት። አብዲራህማንን የምታየው እንዲህ አልነበረም፤ ያ የጣዕም ነገር ነበር። ዘገዬ ላብ አጠመቀው፤ ድሬዳዋ ነውና ማንም ልብ አላለውም።

መድና ገና ከሙሽራው ጎን ከመቀመጧ በፊት በጓሮ በር ሾልካ መጣች። ፉርኖውን መረቁ ውስጥ ነክራ፣ ጠብ ጠብ ሲል በመዳፏ ተቀብላ ጎረሰች። ጣቷን ላሰች።

«ሽታው ግማሹን ነው የነገረኝ» አለች። የሺአረግን አቅፋ ሳመቻት፤ ሁለቱም ዓይናቸውን ጠረጉ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን መጋላ እስከ ዛሬ ያወራል። ሲኒ አለቀ፤ በብርጭቆ ተሰጠ። ብርጭቆ አለቀ፤ ሰው ከቤቱ ጣሳ አምጥቶ ተሰለፈ። የሙሽራው አጎት ከሐረር የመጡት ለመረቁ ነው ወይስ ለሠርጉ ተብሎ ክርክር ተነሳ።

ጭፈራው ሲደምቅ የሙሽራው እህት ሳሕራ ወደ ጓሮ ገባች። ረጅም ናት፤ ስትራመድ ቀሚሷ ከኋላዋ ለብቻው ይጨፍራል።

«ይሄን ያጣፈጠው ማን ነው?»

ቢሻሮ ባገጫቸው ዘገዬን አሳዩ። «እሱ። ሳይቀምስ። ባፍንጫው።»

«ወንድ? ወላሂ?» ሳሕራ ሳቋን ለቀቀችው። ዘገዬን ከእግር እስከ ራሱ አየችው፤ ሁለተኛ ጊዜ ደግሞ ከራሱ እስከ እግሩ። «አንተ፣ ሚስት አለህ?»

«የለኝም።»

«እጮኛስ?»

ዘገዬ አለኝ እንዳይል ሽማግሌ አትላክ ተብሏል፤ የለኝም እንዳይል አፉ እምቢ አለው። ሳሕራ የሻሿን ጫፍ እያፍተለተለች አንድ እርምጃ ቀረበች።

ወዲያ ማዶ ፉርኖ የሚቆርጠው ቢላዋ ቆመ።

«እሱ ሰው አለው» አለች የሺአረግ።

ሳሕራ ቅንድቧን አነሳች።

ዘገዬ እንደሆነ ዘገዬ ነው። መጀመሪያ የተሰማው ደስታ አይደለም። ይቺ ሰው የተባለችው ማን ትሆን ብሎ ግቢውን በዓይኑ ዞረው። ቢሻሮን አለፈ፣ ሰምሰምን አለፈ፣ አሮጊቷን እንኳ አልዘለላቸውም። ዓይኑ ዞሮ ዞሮ የሺአረግ ላይ ሲደርስ፣ ጉንጯ ፍም መስሎ፣ እጇ ቢላዋውን እንደያዘ፣ ሳሕራን እንደ ባላንጣ እያየቻት ነበር። ያን ዓይን ያውቀዋል። አጥሩ ሥር ስንት ረቡዕ የተሸከመው የራሱ ዓይን ነው።

«እሁድ ሽማግሌ ይልካል» አለች የሺአረግ ለሳሕራ።

«ነገ ቅዳሜም ይመቸኛል» አለ ዘገዬ።